ሞክሬዋለሁ ያልኩት ፍሬን

ቅዳሜ ነበር፤ ሰኔ ሊጋመስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር የተጀመረው በዚያ ሰዓት ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። አምስት ዓመት አንድ ክፍል አብራኝ ላደረችው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬዋለሁ። ስም ስላጣሁለት ይመስለኛል። ሌብነት እንዳልለው የወሰድኩት ነገር የለም። ሐሰት ልበለው? የተናገርኩት ሁሉ ተሰብስቦ አንድ መስመር አይሞላም። አንድ መስመር በማይሞላ ንግግር ሰው ይጎዳል ወይ? እኔ ጎድቻለሁ።

ነገሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ማጠንጠኛ ስለመምረጥ ነው። ማጠንጠኛ የምለው ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን፣ ክሩን የሚጠቀልለውንና የሚለቀውን ትንሽ መሣሪያ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስለ እሱ ምንም አላውቅም ነበር። አሁን ከሚገባኝ በላይ አውቃለሁ።

ግዢ ብለው የላኩኝ ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ አሰላ የምንኖረው በእሳቸው ግቢ ነው። ጋሼ ወርቁ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት እርሻ ላይ ኮምባይነር ሲነዱ ነው። ስንዴ ሲታጨድ ማሽኑ ምን ያህል እንደጎረሰ፣ ታፍኖ እንደሆነ፣ ድንጋይ እንደነካ በመሪው በኩል በእጃቸው ያውቁ ነበር። «ጆሮ ያለው ሞተሩን ይሰማል፤ እጅ ያለው ስንዴውን ይሰማል» ይላሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከማሽኑ የቀረላቸው እጃቸው ብቻ ነበር። በእሱ ይኮሩበት ነበር።

የዚያው ማሽን መካኒክ ሀጂ ከድር ነበሩ። ሁለቱ ከወጣትነት እስከ ሽበት አንድ ኮምባይነር ላይ ሠርተዋል፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ሲጠግን። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ይለያያሉ። በእርሻው ወጥ ቤት ሁለት ድስት ነበር፤ የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻው፣ የእስላሙ ሥጋ ለብቻው። ቀኑን ሙሉ አንድ አቧራ ሲቅሙ የዋሉ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ወደየድስታቸው ይሄዳሉ። ሽሮና ጎመን የሆነ ቀን አብረው ይቀመጣሉ። ሥጋ የሆነ ቀን፣ ማለትም ደስ የሚለው ቀን፣ ይለያያሉ። እኛ አገር ይህ ማንንም አያስቀይምም፤ ሁለቱም ሲያወሩት እየሳቁ ነው።

አንድ ቀን እርሻው ላይ የነበረ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ዘንጉን ትቶላቸው ሄደ። በዚያ ዘንግ ከታር ወንዝ ላይ አንድ ትልቅ ቢልጫ ያዙ። ቢልጫ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ የደፈረሰውን ወንዝ ሽቅብ እየታገለ የሚወጣ ዓሣ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው ላይኛው ጠጠር ላይ ነው። ያን ዓሣ ጠብሰው አንድ ሳህን ላይ ሲያቀርቡት ነው የገባቸው። ዓሣ ባራኪ የለውም። ቢላ አንሥቶ በስመ አብ የሚል የለም፤ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ የለም። ከውኃ ከወጣ የሁለቱም ነው። በዚያ ቀን ጋሼ ወርቁና ሀጂ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሳህን ሥጋ በሉ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ ወደ ከታር ይወርዱ ነበር። ከፍልሰታ በፊት የሆነው በጋሼ ወርቁ ሚስት በእትዬ ብዙነሽ ምክንያት ነው፤ «ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው» ብለው በጾም ዓሣ ቤታቸው አያስገቡም። የሚይዙት አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢመጣ ይለቁታል። ያን አንዱን ይዘው አሰላ ይመለሱና ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ለእነሱ ዓመት የሚለወጠው በዚያ ቀን ይመስለኝ ነበር።

ባዕዱ የተወላቸው ማጠንጠኛ ውሎ አድሮ አረጀ። ሀጂ ከድር ጥርሱን እየሞረዱ ብዙ ዓመት አቆዩት፤ በመጨረሻ የሚሞረድ ብረት አለቀ። ያኔ እኔ አዲስ አበባ ሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ።

«ጻፊ» አሉኝ ጋሼ ወርቁ በስልክ። ጻፍኩ። ዘንጉ ከእኔ ቁመት ትንሽ ይብለጥ፤ ጫፉ የሚታዘዝ፣ ግንዱ የጠነከረ ይሁን። ለወንዝ ነው በያቸው፤ የወንዝ ዓሣ ውኃውንም ጨምሮ ነው የሚጎትተው። የማጠንጠኛው ሆድ ብረት ይሁን። ብልጭልጩን አትይ።

«ደግሞ ስሚኝ» አሉ፤ «ርካሽ ይሁን። ግን ርካሹን ከዘንጉ ላይ ፈልጊ እንጂ ከማጠንጠኛው ላይ አትፈልጊ። ዘንግ ቢሰበር ከወንዙ ዳር ሸምበቆ እቆርጣለሁ። ፍሬን ቢሰበር ምን እቆርጣለሁ?»

ፍሬን ያሉት ማጠንጠኛው ክሩን ይዞ የሚለቅበትን ነገር ነው። ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ ጭራሽ ከያዘው ክሩ ይበጠሳል፤ ጭራሽ ከለቀቀው ዓሣው ይዞት ይሄዳል። በመካከል ጥርሱን ነክሶ ቀስ እያለ መልቀቅ አለበት።

«ሱቁ ውስጥ ክሩን በእጅሽ ሳቢው። እያጉረመረመ ከለቀቀ ግዢው። እየዘለለ ከለቀቀ ጥለሽው ውጪ።»

ከዚህ ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። ደብተሩ አሁንም አለኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ጥንቁቅ ነሽ ይሉኛል።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። የስፖርት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ሁለት ጊዜ አልፌ ሄጄ በሦስተኛው ገባሁ። ውስጥ ባለሱቁና ባንኮኒው ላይ የተደገፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሴት አልነበረችም። ምን እንደምፈልግ ሳልጨርስ አንደኛው ቀደመኝ።

«የዓሣ? እህቴ፣ ዓሣ ነው ባል ነው የምታጠምጂው?»

«ባል ከሆነ መንጠቆ ምን ያደርግላታል» አለ ሁለተኛው፤ «ቋሚ ሥራ አለኝ ብላ ትለጥፍ።»

ባለሱቁም ሳቀ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሌላ ሴት ብትሆን መልስ ሰጥታ ታስቃቸው ነበር፤ ከዚያም ሻይ ይጋብዟት ነበር። እኔ ፊቴ ጋለ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሆዱ ብረት የሆነ ማጠንጠኛ ነበር፤ ዘንጉ ለብቻው ይመረጣል። ሌላው ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ከነዘንጉ በላስቲክ ታሽጎ የተሰፋ።

«ይሄኛው ሙሉ ነው፤ ምርጫ አያስቸግርሽም» አለኝ ወርቃማውን እየገፋ። «ዋጋውም ደህና ነው።»

ጋሼ ወርቁ የሰጡኝ ብር ለጥቁሩም ይበቃ ነበር። ይህን የምጽፈው ብር አነሰኝ የሚል ሰበብ እንዳይኖረኝ ነው። የጎደለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ፍሬኑን ልሞክረው» የሚል። ያን ለማለት ጥቁሩን ማንሣት፣ ክሩን ማስገባት፣ ሦስት ወንዶች እያዩኝ ክር እየሳብኩ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት አንድ ቀልድ ይጨምሩ ነበር። ለአንድ ቀልድ ስል ወርቃማውን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። እኔ ነኝ የወጣሁት። ማንም አልገፋኝም።

በልጅነቴ የተመሰገንኩት በዝምታዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ በር ተከልዬ ስቆም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይባልልኝ ነበር። ዝም በማለቴ የተቀጣሁበት አንድ ቀን የለም። ይህም ሰበብ አይሆነኝም፤ በዚያች ሱቅ ደጃፍ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

ማደሪያ ክፍሌ ገብቼ ላስቲኩን ቀደድኩት። ክሩን ከአልጋው እግር አስሬ ዘንጉን ሳብኩ። ቀጭ አለና ቆመ። ጠበቅ አድርጌ ስስብ በአንድ ጊዜ ዘለለ፤ እንደገና ቆመ። ደብተሩ አጠገቤ ተከፍቶ ነበር። እየዘለለ ከለቀቀ ጥለሽው ውጪ። ሰኞ መልሼ መለወጥ እችል ነበር። ሱቁ ከግቢያችን በር የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ላስቲኩን መልሼ በማጣበቂያ አሸግኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ።

«ሰናይት፣ ገዛሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሞከርሽው?»

«አዎ፣ ሞክሬዋለሁ።»

«ያጉረመርማል?»

«እንዳሉት ያጉረመርማል።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። አንቺ እኮ ጥንቁቅ ነሽ።»

ሞክሬዋለሁ አልኩ። እውነትም ሞክሬዋለሁ፤ ሐሰቱን የከፋ የሚያደርገው ይህ ነው። ያልሞከረ ሰው ቢያንስ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ አሰላ ስገባ ጋሼ ወርቁ ዕቃውን በረንዳ ላይ ተቀበሉኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀኝ እጃቸው ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሡ የሚታይ፣ ሥራ ሲይዙ የሚጠፋ። ዘንጉን አገጣጠሙ። የክሩን ጫፍ በቀኝ እጃቸው ይዘው ሳቡት። ቀጭ አለ፤ ቆመ፤ ዘለለ። ደግመው ሳቡት። ዘለለ።

«አንቺ ስትሞክሪው እንዲህ ይል ነበር?»

«አይ» አልኩ።

ማጠንጠኛውን አላዩትም። ያዩት እጃቸውን ነው። አገላብጠው አዩት፤ ጣቶቻቸውን ዘረጉ፣ ጨበጡ። እኔ ያጉረመርማል ብያለሁ፤ እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ። እንግዲህ የሚዘለው ምን ሊሆን ነው? ክሩን ጠቅልለው ዘንጉን ግድግዳ ላይ አቆሙት።

ሀጂ ከድር አሰላ ቢሆኑ ኖሮ ጉድለቱን ያኔውኑ ያገኙት ነበር። እሳቸው ግን ያን ሰሞን ሁሩታ፣ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ። የመጡት ወደ ወንዝ በምንወርድበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዘንጉን ገና ከሩቅ አይተው ጀመሩ።

«ወርቁ፣ ይሄ ወርቅ የተቀባ ነገር ምንድነው? ሙሽራ አመጣህ እንዴ?»

«ዝም በል፤ ዩኒቨርሲቲ የመረጠው ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ ዓሣ ያውቃል?»

«ካንተ ይሻላል። አንተ አምና ያጠመድከው ጫማ ነው።»

«ጫማው ያንተ ነበር!»

እኔን አቅፈው ራሴን ሳሙኝ። «ኢንተላ ኮ፣ አደግሽ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ እንዲሁ በኦሮምኛ ነው። እትዬ ብዙነሽ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከትፈው፣ ትልቁን ሳህን አጥበው ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ነበር። በዚያ ሳህን ላይ ሌላ ነገር አይቀርብበትም።

ከታር ሞልቶ ነበር። ከላይ ጭላሎ በደመና ተሸፍኗል፤ ውኃው የሸክላ ቀለም ይዞ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ ይወርዳል። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ቆምኩ። ጋሼ ወርቁ መንጠቆውን ወረወሩ። ሲወረውሩ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። አየሁት። ያን ማየቴን መካድ አልችልም።

ብዙ ሳንቆይ ያዘ። የዘንጉ ጫፍ ተለመጠ። «ይሄ ትልቅ ነው!» አሉ ሀጂ ከድር፤ «ስጠው ወርቁ፣ ስጠው፣ ይሩጥ!» ጋሼ ወርቁ ጎንበስ ብለው ሰጡት፤ ሊሰጡት ፈለጉ ማለት ይሻላል። ማጠንጠኛው ቀጭ አለ። ቆመ። ዘለለ። ዓሣው አንድ ጊዜ ከውኃው በላይ ወጥቶ ጎኑ ታየ፤ የሰው ክንድ ያክላል። ከዚያ ማጠንጠኛው ጭራሽ ያዘ። ክሩ ሲበጠስ ድምፁ ከውኃው ድምፅ በላይ ተሰማ።

ጋሼ ወርቁ ዘንጉን ጠጠሩ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አዩ።

«እጄ ነው» አሉ።

«ተው እንጂ» አሉ ሀጂ ከድር፤ «ዓሣ ዘንድሮ ነው ማምለጥ የጀመረው?»

«አይደለም ከድር። እየዘለለብኝ ነበር። ቤትም ሞክሬው ዘልሎብኛል። ሰናይት ስትሞክረው ያጉረመርም ነበር።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ስለዚያች ቅጽበት ብዙ አስቤያለሁ። ልናገር ብል የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። የሚገርፈኝ፣ የሚሰድበኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ ወርቁ ቢቆጡ እስከ ማታ ነው። ዝም ማለትም እችል ነበር፤ ዝምታ የለመድኩት ነገር ነው። እኔ ግን፣ ሰው ፊት አፌን የማልከፍተው እኔ፣ በዚያች ቅጽበት አፌን ከፈትኩ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ዕድሜ ነው» አልኩ።

አጽናናኋቸው። ያልተጎዳ እጃቸውን ተጎድቷል ብዬ አጽናናኋቸው። ገንዘባቸውን ብሰርቅ ከዚህ ይሻል ነበር ወይ? የሰረቁት ይመለሳል። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «እውነትሽን ነው» አሉ። ከዚያ ዘንጉን እኔ ተሸከምኩ።

ቤት ስንገባ እትዬ ብዙነሽ ባዶ እጃችንን አይተው ሳህኑን ወደ ቦታው መለሱ። ሽሮ በላን። ጋሼ ወርቁ ደከመኝ ብለው ገብተው ተኙ። ሀጂ ከድር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ትንሽ ካቻቢቴ አወጡና የማጠንጠኛውን ብሎን መፍታት ጀመሩ። ጡረታ የወጣ መካኒክ ካቻቢቴ ከኪሱ አይጠፋም። እኔ ብርጭቆ የምሰበስብ መስዬ ቆምኩ። ክዳኑ ሲነሣ ከውስጡ አንዲት ነጭ ነገር መዳፋቸው ላይ ወደቀች። የፕላስቲክ ጥርስ ነበረች። የተቀሩትም ጥርሶች ፕላስቲክ ነበሩ፤ ግማሾቹ ተበልተዋል። ወርቃማው ቀለም ከላይ ብቻ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ ቀና ሳይሉ፤ «ስትገዢው ፍሬኑ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር» አልኩ።

ከዚያ ክዳኑን መልሰው ብሎኑን እያጠበቁ እንደ ተራ ወሬ አወሩልኝ።

«ኮምባይነር ተሰብሮ ስመጣ፣ የነዳው ሰው "እኔ ነኝ፣ ድንጋይ አስገብቼበት ነው" ካለኝ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ዝም ካለኝ ግን ቀኑን ሙሉ ደህናውን ክፍል ስፈታ እውላለሁ።» ፊታቸውን ጋሼ ወርቁ ወደተኙበት ክፍል አዞሩ። «አሁን ወርቁ ደህናውን ክፍል እየፈታ ነው።»

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ አልነግረውም» አሉ። «ማሽን የሰበረ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው። እርሻ ላይ እንዲህ ነበር ሕጋችን።» ጥርሷን የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሐምሌ አልፏል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አሰላ ተመልሼ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። በየሐምሌው ሀጂ ከድር እየመጡ «ወርቁ፣ ቢልጫው ወጥቷል» ይሉ ነበር፤ ጋሼ ወርቁ «አንተ ሂድ» ይሏቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ሀጂ ከድር ጨክነው «እጅህ ምንም አልሆነም» አሏቸው። «ወዳጄ ስለሆንክ ነው» ብለው መለሱላቸው። ያኔ ሀጂ ከድር አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። እንድናገር የሚጠብቅ ዓይን ነበር፤ እኔም አስጠበቅኳቸው።

ጋሼ ወርቁ ጢማቸውን ራሳቸው መላጨት ተዉ፤ ፀጉር አስተካካይ ይላጫቸዋል። የጣራ ቆርቆሮ ሲላቀቅ ሰው ይጠራሉ። ሞረዱን፣ መዶሻውን ለሚፈልግ ሰጡ። እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ ብዙ የሚንቀጠቀጥ እጅ አያለሁ፤ የሚብሰውንና የማይብሰውን በመጠኑ መለየት ችያለሁ። የእሳቸው አልባሰም። አምና ከጠረጴዛ ሊወድቅ የነበረ ብርጭቆ በዚያው በቀኝ እጃቸው አየር ላይ ሲይዙት አይቻለሁ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሀጂ ከድር ባለፈው ጥቅምት ሁሩታ አረፉ። ጋሼ ወርቁ ለቀብር ሄደው ሲመለሱ እናቴን እንዲህ ሲሏት ሰማሁ፤ «አፈር ሲመልሱ አካፋውን አቀበሉኝ፤ አልያዝኩም። እጄ ቢጥለው ምን ይባላል?» አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረውን ሰው አንድ አካፋ አፈር አላለበሱትም። እኔ ነኝ ያስከለከልኩት።

ለምን አሁን አትነግሪያቸውም ትሉኝ ይሆናል። ብነግራቸው ምን ይመለስላቸዋል? ያለፈው ሐምሌ አይመለስም፤ ሀጂ ከድር አይመለሱም። አሁን ማወቃቸው የባሰ ያሳዝናቸዋል። ይህን ጥሩ አድርጌ አስረዳለሁ፤ ስታነቡትም እውነት ይመስላል። ግን ልክ ወንዙ ዳር ያልኳቸውን ይመስላል፤ ልክ እንደዚያ ነው የሚጀምረው፣ ስለ እሳቸው የማስብ እየመሰለ። ስለዚህ አልቀበለውም፤ እናንተም አትቀበሉልኝ። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም።

አንድ የዘለልኩት ጠዋት አለ። እስከ መጨረሻ ያቆየሁት መጻፍ ስለፈራሁ ነው። ከወንዙ በተመለስን ማግስት፣ እሑድ ጠዋት።

እሑድ ጠዋት ልናገር ወስኜ ተነሣሁ። የሀጂ ከድር ንግግር አላስተኛኝም ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ከመጀመሪያውም ይዘል ነበር» የሚል ነው። በአፌ እየመላለስኩት በረንዳው ላይ ወጣሁ። እትዬ ብዙነሽና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ቀድመው ሄደዋል። ጋሼ ወርቁ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ደረታቸው እንደተከፈተ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ዝም ብሎ ነበር። አንድ ጣት እንኳ አይንቀሳቀስም።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ቁልፉን ዝጊልኝ። ዛሬ እጄን አላምነውም።»

አፌ ውስጥ የነበረው ቃል እዚያው ነበር። አልጠፋብኝም። ፊታቸው ተንበርክኬ ከታች ጀመርኩ። አንዱን ዘጋሁ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዘጋሁ። አንገታቸው ላይ ስደርስ እንዲመቸኝ አገጫቸውን ቀና አደረጉልኝ። የመጨረሻውን ዘጋሁና ኮሌታውን አስተካከልኩ።

«ተባረኪ፤ እንዳንቺ ያለውን ልጅ ለሁሉም ይስጥ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።